የአባዬ ሰአት ምን ያውቃል? የዚህ ወር የልብ ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ናችሁ የጅማ ሰዎች፣ የአጋሮም የሰቃም የሰርቦም። ባለፈው ወር ስለ ደም ግፊት ከጻፍኩ በኋላ የመጣልኝ መልእክት ግማሹ ስለ ሰአት ነው፣ እጅ ላይ ታስሮ የልብ ምት ስለሚቆጥረው ማለቴ ነው፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ድሮ ሽቶና ጫማ ይልክ ነበር አሁን ግን ሁሉም ሰአት ይልካል መሰለኝ። እኔ ዶክተር አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ፣ የልብ ክትትል ላይ ብዙ አመት ስለሰራሁ ያየሁትንና ያነበብኩትን ነው የምነግራችሁ፣ መድሃኒት መጨመርና መቀነስ የሃኪማችሁ ስራ ነው እሱን ከኔ አትጠብቁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ቦታ ይወስድብኛል፣ የሌሎቻችሁም ጥያቄ እዛው ውስጥ ስላለ ነው።

ከቆጪ የተጻፈ

"ሲስተር ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 67 አመቱ ነው፣ የልብ ድካም አለብህ ከተባለ ሁለት አመት ሆነው፣ ባለፈው ክረምት እግሩ አብጦ ትንፋሽ አጥሮት ዘጠኝ ቀን ተኝቶ ነው የወጣው። አሁን አሜሪካ ያለው ወንድሜ ስማርት ሰአት ላከለት፣ የልብ ምት፣ እርምጃ፣ እንቅልፍ፣ ኦክስጅን ምናምን ያሳያል፣ ዳታውም ለወንድሜ ስልክ ይገባለታል። ከዛ ወዲህ እኔ እንቅልፍ የለኝም በቃ፣ ሌሊት 8 ሰአት ላይ ይደውልና 'የአባዬ ልብ 52 ገብቷል ቀስቅሺው' ይለኛል፣ ስቀሰቅሰው አባዬ ደሞ 'ምን ሆናችሁ፣ ልሞት ነው እንዴ?' ብሎ ይቆጣል። ሰአቱ እውነት ይጠብቀዋል ወይስ እኛን ሊያሳብደን ነው?"

እህቴ መጀመሪያ አንቺን እናስተኛሽ። የአባትሽን የመድሃኒት ፌስታል አምጪና ስሞቹን አንብቢ፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ካርቬዲሎል ወይም ቢሶፕሮሎል የሚል ካለ እነዚህ ልብን ሆን ብለው ቀስ የሚያደርጉ ናቸው፣ የደከመው ልብ ትንፋሽ እንዲያገኝ ነው የሚሰጡት፣ እንቅልፍ ላይ ደሞ የማንም ልብ ቀስ ይላል። ስለዚህ ሌሊት 52 ማለት አብዛኛውን ጊዜ መድሃኒቱ ስራውን እየሰራ ነው ማለት ነው። የሚያሳስበው ምቱ ዝቅ ብሎ አብሮት ማዞር፣ መዝለፍለፍ፣ ራስን መሳት ሲመጣ ነው፣ ወይም ሁሌ 55 የነበረው ሳይታሰብ 40 ገብቶ እዛው ሲቀር። እያንኮራፋ የተኛን ሰው ቀስቅሶ ደህና ነህ ወይ ማለት ግን የደህናውንም ልብ ያስመታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የልብ ድካም ሲባል ልብ ሊቆም ነው ማለት አይደለም፣ ብዙ ቤተሰብ እንደዛ እየመሰለው ነው ከክሊኒክ እያለቀሰ የሚወጣው። ልብ ደሙን እንደሚገባው መግፋት ሲያቅተው ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንስበትና "ሰውነት ውሃ አጥሮታል" ብሎ ይሳሳታል፣ ጨውና ውሃ መያዝ ይጀምራል፣ የተያዘው ውሃ መሄጃ ሲያጣ ሳንባና እግር ላይ ይጠራቀማል። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሌሊት አይመጣም። መጀመሪያ በልብና በሳንባ መሃል ባሉት ደም ስሮች ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል፣ ማንም ሳያውቀው ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይቆያል፣ ከዛ ክብደት ይጨምራል፣ ጫማ ይጠባል፣ ከዛ አንድ ትራስ ይበቃው የነበረ ሰው ሁለት ይጠይቃል፣ ሁለቱ ሶስት ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ሌሊት ታፍኖ ይነሳና መስኮት ክፈቱልኝ ይላል። እኛ ድንገተኛ ክፍል የምናገኘው መስኮቱ ላይ የደረሰውን ነው።

ሰአቱ ከዚህ ውስጥ ምኑን ያያል? ውሃውን አያይም። ከስሩ ያለው አረንጓዴ መብራት ቆዳው ውስጥ ያበራል፣ በየምቱ ደሙ ሲበዛና ሲያንስ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ስለሚለያይ እሱን ይቆጥራል፣ ሌላው ዋናው ደሞ እንቅስቃሴ የሚያውቅ ትንሽ ሴንሰር ነው። ግን ውሃው ሲጠራቀም ሰውየው ራሱ ይቀየራል፣ ቁጭ ብሎ እያለ የሚመታው ምት ቀስ በቀስ ከፍ ይላል፣ እርምጃው ይቀንሳል፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ ይሄን ሰአቱ ያየዋል። ስለዚህ የደቂቃዋን ቁጥር ተዉትና ሳምንቱን እዩ፣ አባትሽን ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ካለፈው ሳምንት አባትሽ ጋር አወዳድሩት። በቀን 3000 እርምጃ ይሄድ የነበረ ሰው በአራት ቀን ውስጥ 1200 ላይ ከወረደ እስከ መርካቶ መሄድ ለምን እንደተወ ጠይቂው፣ "ዝናብ ነው" ካለሽ መስኮቱን አይተሽ ታምኚዋለሽ፣ ጅማ አይደለን እንዴ፣ "ዳገቱ ከበደኝ" ካለሽ ግን እዛ ጋር ነው ነገሩ።

ከሰአቱ በፊት ግን ሚዛን። ይሄን ስል ሰዎች ፊታቸው ይቀዘቅዛል፣ ሚዛን እንደ ሰአት አያምርም አውቃለሁ። አንድ የማልረሳቸው ሰው አሉ፣ የቡና ነጋዴ፣ ቤታቸው ሚዛን የለም፣ ታዲያ ሁሌ ጠዋት መጋዘኑን ሲከፍቱ ከጆንያው በፊት እሳቸው የቡናው ሚዛን ላይ ይወጣሉ፣ ቁጥሩን በከሰል ግድግዳው ላይ ይጽፉታል። አንድ ቀን ልጃቸው ግድግዳውን በስልክ ፎቶ አንስቶ አመጣልን፣ 61፣ 61፣ 62፣ 63፣ 64 ይላል። እግራቸው ገና አላበጠም፣ ትንፋሻቸውም ደህና ነው፣ እሳቸውማ "እኔ ምንም አልሆንኩም፣ የቡናው ዋጋ ነው ያመመኝ" እያሉ ነው። ሃኪሙ የሚያሸናውን ክኒን ለጥቂት ቀን ከፍ አደረገላቸውና ወደ 61 ተመለሱ፣ አልጋ ሳይዙ። ያ ግድግዳ እስካሁን ካየሁት ሰአት ሁሉ ይበልጥብኛል።

አመዛዘኑ እንዲህ ነው፣ ጠዋት እንደተነሳ፣ ሽንት ቤት ደርሶ ከመጣ በኋላ፣ ቁርስም ቡናም ሳይቀምስ፣ በቀላል ልብስ፣ ሁሌ በዛው ሚዛን። ሚዛኑ ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ፣ ምንጣፍ ላይ ከሆነ ይዋሻል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ በሶስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ ያ ስጋም ስብም አይደለም ውሃ ነው፣ የዛኑ ቀን ለክሊኒኩ መንገር ነው። ሚዛንም ግን ሁሉን አይዝም፣ ክብደታቸው ብዙም ሳይጨምር ሳንባቸው ላይ ውሃ የሚይዙ አሉ፣ ምግብ አልበላ ብሎት እየከሳ ያለ ሰው ደሞ ስጋው ሲቀንስ ውሃው ሲጨምር ቁጥሩ እኩል ሆኖ ይሸውዳችኋል። ለዚህ ነው ትራሱንም የምትቆጥሩት፣ ቅልጥሙንም በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ጥቂት ሰከንድ ይዛችሁ የምትለቁት፣ ጉድጓዱ ሳይሞላ ከቆየ ውሃ አለ።

"ታዲያ ሰአቱ ጥቅም የለውም ነው የምትዪው?" እንዳትዪኝ፣ እሱን አላልኩም። ሁለት ጥናት ላውራሽ፣ ሁለቱም ትልልቅ ናቸው። በፈረንጆች 2010 (ከዚህ በታች ያሉትም አመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ የወጣው 1653 ሰው ላይ የተሰራ ነው፣ ሆስፒታል ተኝተው የወጡ የልብ ድካም ታካሚዎች በየቀኑ ወደ አንድ አውቶማቲክ ስልክ እየደወሉ ክብደታቸውንና ምልክታቸውን ቁጥር እየነኩ ያስገባሉ፣ ክሊኒኩ ያየዋል። ከስድስት ወር በኋላ በሞትም በመተኛትም ምንም ልዩነት አልመጣም፣ 14 ፐርሰንቱ ጭራሽ አንድ ቀን እንኳ አልደወሉም፣ መጨረሻው ሳምንት ላይ በሳምንት ሶስቴ የሚደውሉት 55 ፐርሰንት ብቻ ነበሩ። ሁለተኛው የጀርመን ነው፣ በ2018 የወጣ፣ ከ1500 በላይ ሰው፣ ሚዛን፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚቀዳው)፣ የጣት ኦክስጅን መለኪያ ቤታቸው ተሰጣቸው። እዚህ ላይ ግን ውጤት መጣ፣ ከመቶ ሰው በአመት የሚሞተው ከ11 ገደማ ወደ 8 ገደማ ወረደ። ልዩነቱ መሳሪያው አይመስለኝም፣ በርሊን ላይ ሃኪምና ነርስ 24 ሰአት የተቀመጡበት ቢሮ ነበር፣ ቁጥሩ ሲበላሽ ያዩታል፣ ይደውላሉ፣ መድሃኒቱን ያስተካክላሉ፣ ካስፈለገ ይጠሩታል። ታካሚዎቹም ማንኛውም ሰው አልነበሩም፣ ባለፈው አንድ አመት ውስጥ ተኝተው የነበሩትን ነው የመረጡት።

ስለዚህ ያንቺ ጥያቄ መልስ ያለው ሰአቱ ላይ ሳይሆን እናንተ ቤት ነው፣ ቁጥሩን ማን ያያል፣ አይቶስ ለማን ይደውላል? ወንድምሽ አሜሪካ ሆኖ 52 ቢያይ መድሃኒት አይቀይር፣ ጭንቀት ይዞት አንቺን መቀስቀስ ብቻ ነው የሚችለው። እንዲህ አድርጉ፣ የሌሊቱን ማንቂያ ያጥፋው፣ እሁድ እሁድ ቁጭ ብሎ የሳምንቱን ምትና እርምጃ ይይና ለውጥ ካለ በቴሌግራም ይጻፍልሽ። አንቺ ክብደቱን ደብተር ላይ ጻፊ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደሞ ሃኪሙን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፣ "2 ኪሎ ቢጨምር እስክንመጣ ምን እናድርግ፣ ለማንስ እንደውል?" በይውና መልሱን ካርዱ ላይ እንዲጽፍልሽ አድርጊ። አንዳንዱ ሃኪም ለሚያምነው ቤተሰብ የሚያሸናውን ክኒን በምን ያህል እንደሚጨምሩ አስቀድሞ ይጽፍላቸዋል፣ ከራስ ግን አይጨመርም፣ ኩላሊትና ፖታሲየም ይበላሻል።

ሰአት፣ ሚዛን፣ ወንድም ሳትጠይቂ ይዘሽው የምትሮጪው ደሞ እነዚህ ሲመጡ ነው፣ ተኝቶ መተንፈስ ካቃተው፣ ቁጭ ብሎ እያለ ካለከለከ፣ አረፋ ያለው ወይም ሮዝ መልክ ያለው አክታ ከተፋ፣ ደረቱን ከጨመቀው፣ ራሱን ከሳተ፣ ወይም ድንገት መቀባጠር ከጀመረ።

ከአጋሮ የተጻፈ

"ልጄ እንደምን አለሽ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ልብህ ሰፍቷል ተብዬ መድሃኒት እወስዳለሁ። የልጅ ልጄ ሰአቱን አሰረችልኝና ኦክስጅንህ 91 ነው ብላ አለቀሰች። እኔ ግን ደህና ነኝ፣ ጠዋት ቡና ለቀማውን ዞሬ አይቼ መጥቻለሁ። የቱን ልመን፣ ሰአቱን ወይስ እግሬን?"

አባባ እንደምን አሉ፣ እግርዎን በደንብ ይመኑት፣ ሰአቱን ግን ጨርሰው አይናቁት። ኦክስጅንን እጅ አንጓ ላይ መለካት ከባድ ነው፣ እጅ ከቀዘቀዘ፣ ሰአቱ ከላላ፣ ክንድ ከተወዛወዘ ዝም ብሎ ዝቅ ያለ ቁጥር ያወጣል። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው ይሻላል፣ አጋሮ ፋርማሲ ይጠይቁ፣ ጤና ጣቢያም አለ። ሲለኩ አምስት ደቂቃ ቁጭ ይበሉ፣ እጅዎን ያሙቁ፣ ከልጅ ልጅዎ ጋር ላወዳድር ብለው ደሞ ጣቷ ላይ የጥፍር ቀለም ወይም ጥቁር ሂና ካለ የሷን አይለኩ፣ ብርሃኑን ይጋርዳል። እኛ ደሞ ከባህር ወለል ከ1500 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ነው የምንኖረው፣ ትንሽ ዝቅ ማለት ከከፍታውም ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፣ ይሄ መሳሪያ በጠቆረ ቆዳ ላይ የሚሳሳተው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ነው። በ2020 አሜሪካ ሆስፒታሎች ውስጥ የተሰራ ጥናት ላይ መሳሪያው 92 እስከ 96 እያለ ደማቸው ሲመረመር ግን ከ88 በታች የሆኑት ከነጮቹ 3.6 ፐርሰንት፣ ከጥቁሮቹ ደሞ 11.7 ፐርሰንት ነበሩ። ማለት "95 ነው ደህና ነው" ሲል እየታፈኑ ሊሆን ይችላል፣ ትንፋሽ አጥሮዎት ቁጥሩ ጥሩ ቢሆንም ይሂዱ። በጣት መለኪያ በሞቀ እጅ ደጋግሞ ከ92 በታች ካለ ግን እግርዎ ቢበረታም ለሃኪምዎ ይንገሩ፣ 90ና ከዛ በታች ከሆነ ዛሬውኑ።

ከመርካቶ ሱቅ የተጻፈ

"ሲስ፣ እኔ ኤሌክትሮኒክስ ነው የምሸጠው፣ ደም ግፊትም ስኳርም ልብም ሳይወጋ የሚለካ ሰአት መጥቶልኛል፣ ሰው እየጠየቀኝ ነው፣ ምን ልበላቸው?"

ወንድሜ ስኳሩን ተወው። በ2024 የካቲት ውስጥ የአሜሪካው የምግብና መድሃኒት ባለስልጣን ቆዳ ሳይበሳ ስኳር የሚለካ ምንም ሰአት ወይም ቀለበት አልፈቀድኩም፣ አትጠቀሙ ብሎ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፣ አንድ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ያንን ቁጥር አምኖ ቢወጋ ምን እንደሚሆን አስበው። ደም ግፊቱም እንደዛው ነው፣ ከታወቁት ኩባንያዎች የሳምሰንጉ እንኳ በየአራት ሳምንቱ በክንድ መለኪያ ካልተስተካከለ አይሰራም ይላል። እኛ ክፍል አንዴ ከሻይ በኋላ የአንዱን ልጅ ሰአት ሙዝ ላይ አሰርነው፣ 78 ምት አለን፣ ሙዙ ደህና ነው ማለት ነው። ለልብ ምትና ለእርምጃ ሽጠው፣ ሌላውን አትማል።

የ24 አመት ልጅ፣ ከሂርማታ

"የልብ ቧንቧዬ በሩ ጠቧል ተብዬ በየወሩ መርፌ እወጋለሁ፣ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪንም እወስዳለሁ። አክስቴ ኢሲጂ የሚያነሳ ሰአት ልግዛልሽ አለች። ይጠቅመኛል?"

የኔ እህት አንቺ የምትዪው በልጅነት ከጉሮሮ ህመም ተነስቶ የልብ በር የሚያበላሸው ነው፣ እኛ አገር ወጣቶችን የልብ ድካም ውስጥ ከሚከቱት ዋነኛው ነው፣ መርፌሽን አንድም ወር እንዳትዘይ። ይሄ በሽታ ያለበት ልብ ምቱ ሊዘበራረቅ ይችላል፣ የተዘበራረቀ ምት ደሞ ደም ያረጋል፣ የረጋው ጭንቅላት ከሄደ ስትሮክ ነው። ሰአቱ የሚይዘው ያንን መዘበራረቅ ነው፣ ለዛ ጥሩ ነው። በ2019 ውጤቱ የወጣ ጥናት ላይ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ሰአት አስሮ ማስጠንቀቂያ የመጣለት ከሁለት መቶ አንድ ሰው ገደማ ነው፣ ከነሱ ውስጥ በኋላ ደረታቸው ላይ በተለጠፈ መቅጃ ከታዩት ደሞ መዘበራረቁ የተገኘው ሲሶው አካባቢ ላይ ነው። ስለዚህ ሰአቱ ቢነግርሽ ይዘሽው ሆስፒታል ትሄጃለሽ፣ አንቺው አትፈርጂውም። የልብ ድካምን ግን አያውቅም፣ ሰሪዎቹ ራሳቸው ይጽፉታል፣ ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ ደሞ ጨርሶ አያውቅም፣ እሱን የምታውቂው በደም ምርመራ ብቻ ነው። አክስትሽ ከመግዛቷ በፊት ኢሲጂው እዚህ ይሰራ እንደሆነ ትጠይቅ፣ በአንዳንድ አገር ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ብሩ የምርመራውን ወጪ የሚነካ ከሆነ ግን ሰአቱ ይቅር። ማርገዝ ካሰብሽ ደሞ ከማርገዝሽ በፊት ለሃኪምሽ ንገሪ፣ ዋርፋሪን ለጽንሱ አደገኛ ነው።

ከጅረን የተጻፈ

"አሰላሙ አለይኩም። አባቴ ለህክምና ውጭ ሄደው ነበር፣ እዛ ደረታቸው ላይ የሚለጠፍ ነገር አድርገውላቸው መጡ። ለውዱእ ችግር ይሆናል ወይ? ምንድነው የሚሰራውስ? ደሞ ሱጁድ ሲወርዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ለምን ይሆን?"

ወአለይኩም ሰላም። ውዱእ ደረት ስለማይነካ እሱ ላይ ብዙ አይቸገሩም፣ አብዛኛው ፓች፣ የሚለጠፈው ማለቴ ነው፣ ውሃ ቢፈስበት የሚችል ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን አንብቡ። ገላ ሙሉ መታጠብ ሲመጣ ሃይማኖታዊውን ኡስታዛችሁን ጠይቁ፣ እኔ እሱን አልፈታም።

ፓቹ ግን ከሰአት አንድ እርምጃ ወደ ልብ የቀረበ ነው። ደረት ላይ ስለሆነ ኢሲጂ ያነሳል፣ ትንፋሽ ይቆጥራል፣ የቆዳ ሙቀት፣ መተኛት መቀመጥ፣ እንቅስቃሴ ያያል፣ አንዳንዱ ደሞ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ወይም የሬዲዮ ሞገድ በደረት ውስጥ አሳልፎ ሳንባ ላይ ውሃ ጨምሮ እንደሆነ ይገምታል፣ ውሃ ካለ አስተላለፉ ስለሚለወጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ 100 ታካሚዎች ላይ ለሶስት ወር ተሞክሮ በ2020 ታትሟል፣ ፓቹ ወደ ስልክ ይልካል፣ ስልኩ ወደ ኮምፒውተር፣ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የሰውየውን የደህና ቀን መልክ ይማርና ከዛ ሲወጣ ይጮሃል። ተመልሰው ሊተኙ ከነበሩት ከመቶ 76 እስከ 88 የሚሆነውን ቀድሞ ይዟል፣ ከመጀመሪያው ጩኸት እስከ መተኛት ያለው መሃከለኛ ጊዜ 6.5 ቀን ነው። ስድስት ቀን ማለት ከሊሙ ተነስቶ ጅማ ለመድረስ፣ ብር ለመበደርም ይበቃል። ግን 100 ሰው ጥቂት ነው፣ ደሞ ያ ጥናት ቀድሞ ማወቁን ነው እንጂ ያሳየው ሰዎቹ በሱ ምክንያት ዳኑ አይልም፣ ሃኪሞቹ በጩኸቱ መድሃኒት እንዲቀይሩ አልተደረገም። ደም ስር ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ሌላ ሴንሰርም አለ፣ እሱ ሆስፒታል ውስጥ በቀጭን ቱቦ የሚገባ ስለሆነ የዛሬው ወሬያችን አይደለም። አባትሽ የመጡበት ሃኪም ዳታውን ከዚህ ሆኖ ያየው እንደሆነ ጠይቂ፣ ካላየው ፓቹ ቆዳ ማሳከክ ብቻ ነው ትርፉ።

ሱጁዱ ግን ከፓቹ ይበልጥ አስደንግጦኛል። ጎንበስ ሲሉ ትንፋሽ ማጠር የልብ ድካም አንዱ ምልክት ነው፣ ጎንበስ ሲባል ልብ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ቀድሞውኑ ውሃ የያዘ ልብ ያንን አይችልም። ፈረንጆቹ ጫማ ሲያስሩ ነው የሚጠይቋቸው፣ እኛ ሱጁድ ወይም ከሰል ሲያቀጣጥሉ ብለን እንጠይቃለን። ወንበር ላይ ሆነው እየሰገዱ በዚህ ሳምንት ይታዩ። ሮመዳን ከመግባቱም በፊት ይምጡ፣ የሚያሸናው ክኒን ሰአቱ መቀየር አለበት፣ መጾም ራሱ ይቻላቸው እንደሆነም የሚታየው ያኔ ነው።

ከሰቃ ጤና ጣቢያ የተጻፈ

"ሲስተር እኔም ነርስ ነኝ። ከሆስፒታል ወጥተው ወደኛ የሚላኩ የልብ ድካም ታካሚዎች አሉን፣ በሁለት ወር አንዴ ነው የምናያቸው፣ መሃል ላይ ይጠፋሉ። ሰአትም ፓችም የለንም፣ በሌለን ነገር ምን እንጀምር?"

ወዳጄ ደስ ያለኝ ደብዳቤ ያንተ ነው። ሰአት ቢኖርህም መብራት ሲጠፋ ቻርጅ የለም፣ ስልኩ ደሞ የልጁ ነው፣ ልጁ ት/ቤት ነው። በቅርብ ተኝተው ከወጡት ጀምር፣ የመጀመሪያው ወር ነው ክፉው፣ አሜሪካ ውስጥ እንኳ በሜዲኬር፣ በመንግስት የአዛውንቶች የጤና መድህን ማለት ነው፣ የሚታከሙ የልብ ድካም ያለባቸው አዛውንቶች ከአምስት አንድ ያህሉ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው ይተኛሉ። የሃያ ሰው ስም ደብተር ላይ አውጣ፣ ከየአንዱ ጎን ውሃው ከወጣለት በኋላ ያለውን ደረቅ ክብደት ጻፍ፣ የሱንና ማታ ቤት የሚገባውን ልጅ ስልክ ያዝ። ሰኞና ሐሙስ ደውል፣ ብዙ አትጠይቅ፣ ስንት ኪሎ፣ ስንት ትራስ፣ ክኒን አለ ወይ፣ ሶስት ደቂቃ አይፈጅም። ቤታቸው ሚዛን ለሌላቸው ወፍጮ ቤት አለ፣ የቡና መሰብሰቢያ አለ፣ ጤና ኬላ አለ፣ ሁሌ አንድ ቦታ ይሁን እንጂ የትም ይሁን። ለቁርጥማት ብለው ከሱቅ ዳይክሎፌናክ እንዳይገዙም ንገራቸው፣ ውሃ ያስይዛል፣ ቡናውን በጨው የሚጠጡ ካሉም ጨውዋን ያስቀሯት፣ ተቆጥተው ይሰድቡሃል ቻለው። ሐምሌ ላይ መንገዱ ሲቆረጥ ማን በምን ይመጣል የሚለውን ከወዲሁ ከሆስፒታሉ ጋር ተነጋገር፣ የምትደውልለት ሰው ከሌለህ ደብተሩም እንደ ሰአቱ ነው የሚሆነው።

ሶስተኛዋን ጥያቄ ደሞ አትዝለላት። አንዲት እናት ስደውል ኪሎም ትራስም ደህና ናቸው፣ ልዘጋው ስል ክኒንስ አልኳቸው፣ "አልቋል ልጄ፣ ቀጠሮዬ እስኪደርስ ብዬ ዝም አልኩ" አሉኝ፣ ስንት ቀን ሆነ ስላቸው አራት ቀን። ስልኩን ሳንዘጋ ልጃቸውን ፋርማሲ ላክነው።